ልጆቻችን የለበሱት ፊት

ኮተቤ በተደረገው የደጋፊዎቻችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ስትገቡ በአዳራሹ ግራና ቀኝ በአግዳሚዎቹ ላይ የተደረደሩትን ዕቃዎች አይታችኋል። ለሽያጭ የቀረቡ መስሏችሁ ዋጋ የጠየቃችሁም አላችሁ። ለሽያጭ አይደሉም። የነቃ ጀበና፣ ውስጡ የተሰበረ ፔርሙስ፣ ባለ20 ሊትር ጄሪካን፣ አንድ እግሩ የወለቀ በርጩማ፣ ትሪና ሲኒ ናቸው። ከየቤቱ የመጡ፣ ልጆችና እናቶቻቸው በገዛ እጃቸው ቀለም የቀቧቸው ዕቃዎች ናቸው። ስለ እነርሱ እንድንናገር ተጠይቀናል። ከዚያ በፊት ግን የምንናዘዘው ነገር አለንና ከእርሱ እንጀምራለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚህ መድረክ ላይ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አቁመን ነበር። ልጁ ኦቲዝም አለበት። መጀመሪያ ወደ እኛ ሲመጣ ብዙም አይናገርም፤ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ደስ ሲለውም ሲጨንቀውም እጆቹን እንደ ክንፍ ያርገበግባል። እኛም «ቁጭ በል»፣ «እጅህን ሰብስብ»፣ «ዓይን ዓይኔን እየኝ» እያልን ስድስት ወር አሠለጠንነው። ለእንግዶች በተዘጋጀው ፕሮግራም ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ እጆቹን በጭኖቹ መካከል ቀብሮ ተቀመጠ። አጨበጨብንለት። ፎቶግራፍ ሲነሣ «ሳቅ» አልነው፤ ሳቀ። ያ ፎቶግራፍ «በፊትና አሁን» ከሚል ርዕስ ጋር ለደጋፊዎቻችን ተላከ። ብዙ የደስታ ደብዳቤም አመጣልን።

በሚቀጥለው ሳምንት እናቱ መጣች። ልታመሰግነን የመጣች መስሎን ወንበር ሳብንላት። አልተቀመጠችም። «ወንድሞቼ፣ እናንተ ዘንድ ዝም ያለውን ያህል ቤት ሲገባ ይብስበታል። ያን ዕለት ማታ እጁን ነክሶ አደማው። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። እባካችሁ፣ እንግዳ ሲመጣ አትጥሩት» አለችን።

የምንመልሰው አልነበረንም። ደብዳቤ የጻፋችሁልን ልጅ አልተለወጠም ነበር። ለእኛ ሲል፣ ለእንግዶቻችን ሲል፣ ለፎቶግራፉም ሲል ትንፋሹን ውጦ ነበር የቆየው። ያንን ፊት ያለበስነው እኛ ነን። እነዚህ ዕቃዎች የተቀቡት ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

ይሉኝታና ጭምብል

ይሉኝታ በአገራችን ትልቅ ነገር ነው። መልካም ነገርም ነው። ሰው ለጎረቤቱ እንዲያስብ፣ አፉን እንዲገታ፣ የታላቁን ፊት እንዲያከብር ያደርገዋል። ይሉኝታ ቢስ ተብሎ መጠራት የሚወድ የለም። ነገር ግን ይሉኝታ ከአቅም በላይ ሸክም የሚሆንባቸው ልጆች በመካከላችን አሉ። ሌላው ልጅ ሳያስበው የሚያደርገውን ነገር፣ ይኸውም ሰላምታ መመለስን፣ በጨዋታ ተራ መጠበቅን፣ ሰዎች ሲስቁ አብሮ መሳቅን፣ እነርሱ አንድ በአንድ በልባቸው እያሰቡና ሌላውን አይተው እየቀዱ ያደርጉታል። የሚያረጋጋቸውን እንቅስቃሴ ሰው እንዳያይባቸው ይደብቁታል። ጫጫታው ጆሯቸውን እየወጋቸው ፊታቸውን አይቀይሩም። ባለሙያዎች ይህን ጭምብል እንደ መልበስ ይቆጥሩታል።

ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ጭምብል ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ከታክሲ ወርደን ያንን ጨርቅ ከአፍንጫችን ላይ ስናወርድ እንዴት እንደምንተነፍስ አይረሳንም። የእነዚህ ልጆች ጭምብል ግን ከጨርቅ የተሠራ አይደለም። ሲለብሱት አይታይም፤ ስለማይታይም «አውልቀህ እረፍ» የሚላቸው ሰው የለም።

የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት ኦቲዝም ያለባቸውን 92 አዋቂዎች ስለዚሁ ጉዳይ ጠይቀው ነበር። ጭምብሉን ለምን እንደሚለብሱት ሲናገሩ ከሰው ጋር ለመቀላቀልና ወዳጅ ለማግኘት መሆኑን ገለጹ። ይህ የሁላችንም ምኞት ነው። ምን እንደሚያስከፍላቸው ሲጠየቁ ግን በብዛት የመለሱት ድካምን ነው። እውነተኛው ማንነታቸው የትኛው እንደሆነ ግራ እስከሚገባቸው ድረስ መድረሳቸውን የተናገሩም አሉ። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ በቃሉ ሊነግረን ያልቻለውን፣ ነገር ግን በእጁ ላይ በጥርሱ የጻፈውን፣ እነዚያ አዋቂዎች በቃላቸው ተናገሩት።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ የተሰወረ ነው። በፈረንጅ አገር አንድ ልጅ ሰው ሲያነጋግረው ዓይን ለዓይን ካላየ ወላጆቹ ቶሎ ይጠራጠራሉ። በእኛ አገር በትልቅ ሰው ፊት አንገቱን የሚደፋ ልጅ ጨዋ ይባላል። ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ልጅ ጭምት ተብላ ትመሰገናለች። ስለዚህ የምትሠቃየውን ልጅ በምስጋናችን ሸፍነን እናልፋታለን።

ወይራና ባሕር ዛፍ

ስለ ኦቲዝም ጥቂት እንበል። ኦቲዝም ከአእምሮ አፈጣጠርና እድገት ጋር የተያያዘ ነገር ነው። ከሰው ጋር በመግባባት፣ በንግግር፣ ድምፅንና ብርሃንን ሽታንም በመቀበል በኩል ልዩነት ያመጣል። የዓለም የጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች መካከል 1 ያህሉ ኦቲዝም ነበረበት። የእናት ጥፋት አይደለም፤ የአስተዳደግ ጉድለትም አይደለም። ሠለጠነ በሚባለው ዓለም እንኳ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ኦቲዝም የሚመጣው ከእናት ፍቅር መቀዝቀዝ ነው የሚሉ ሐኪሞች ነበሩ። ያ አስተሳሰብ ውድቅ ሆኗል፤ ስንት እናት ካስለቀሰ በኋላ ግን ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው አንድ ሐሳብ ይዘው ተነሥተዋል። የሰው መልክ የተለያየ እንደሆነ ሁሉ የሰው አእምሮ አሠራርም የተለያየ ነው፤ ልዩነት ሁሉ ብልሽት አይደለም ይላሉ። ኦቲዝም ያለባቸውን ብቻ ሳይሆን ትኩረታቸውን ለመሰብሰብ የሚቸገሩትን፣ ፊደል የሚምታታባቸውንም ይጨምራሉ።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ወደ እንጦጦ ተራሮች ቀና በሉ። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተተከለው ባሕር ዛፍ ጋራውን አልብሶታል። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፤ ቀጥ ብሎ ያድጋል፤ ለአጣናም ለማገዶም ይሆናል። ወይራ ግን ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ግንዱም ይጠማዘዛል። ወይራን አይቶ «ይህ የታመመ ባሕር ዛፍ ነው» የሚል ገበሬ የለም። ወይራ ወይራ ነው። ይህን ስንል ግን ችግሩን ማቃለላችን አይደለም። ከልጆቻችን መካከል ዕድሜ ልኩን ሰው አጉርሶት፣ ሰው አልብሶት የሚኖር አለ። ወይራም ቢሆን እንክብካቤ ይፈልጋል። እንክብካቤ ማለት ግን ቀጥ እስኪል ድረስ ማሰር አይደለም።

በአገራችን ይህን መጋረጃ በአደባባይ ከቀደዱት ሰዎች መካከል ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ። ልጃቸው ኦቲዝም እንዳለበት ከተረዱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ስለ ልጃቸው ሳያፍሩ በየመድረኩ ተናገሩ። ከእርሳቸው በኋላም ወላጆች ተባብረው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። አንዲት እናት «ልጄ ይህ ነው» ብላ በመናገሯ የስንት ቤት በር እንደ ተከፈተ እግዚአብሔር ያውቃል።

ብዙ በር ግን ገና እንደ ተዘጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ ወደ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች የመጡ 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ ነበር። የልጆቻቸው ችግር ኦቲዝም ወይም ሌላ የአእምሮ እድገት ችግር ነው። ከአሳዳጊዎቹ 45.1 በመቶ የሚሆኑት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናገሩ፤ 26.7 በመቶ የሚሆኑት ነገሩን ከሰው ለመሰወር ይጥሩ ነበር። የነገሩ ምክንያት ምን ይመስላችኋል ሲባሉ 40.2 በመቶው ርኩስ መንፈስን፣ 27.5 በመቶው ኃጢአትን ጠቀሱ። ምን ጎደላችሁ ሲባሉ ደግሞ 74.5 በመቶው ልጄ የሚማርበት አጣሁ አሉ። እነዚህ እንግዲህ ደፍረው ወደ ክሊኒክ የመጡት ናቸው።

ወገኖቻችን፣ ጭምብሉን የሚለብሰው ልጁ ብቻ እንዳልሆነ ልብ በሉ። ቤቱም ይለብሰዋል።

ቀለሙ እንዴት ተጀመረ

የቀለሙን ሥራ እኛ አላቀድነውም። ልጆቹን በመጀመሪያ ያስቀመጥናቸው ወረቀትና እርሳስ ይዘው ነበር። ብዙዎቹ አልነኩትም። ወረቀት የትምህርት ቤት ዕቃ ነው፤ ትክክልና ስሕተት አለበት፤ ቀይ እስክሪብቶ ይከተለዋል። አንድ ቅዳሜ የአዳራሹን በር ቀብተን የተረፈ ሰማያዊ ቀለም በጣሳ ተቀምጦ ነበር። ያ ልጅ ጣቱን ነክሮ በግቢው ውስጥ በነበረው ጄሪካን ዙሪያ አንድ መስመር አሰመረ። ልንከለክለው ብለን የእናቱ ቃል ትዝ አለንና ተውነው። መስመሩን ዞሮ ከጀመረበት ነጥብ ጋር ሲያገናኘው እጆቹን አርገበገበ። ከስድስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየነው የራሱ ደስታ ያ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለእናቶቹ «ከቤታችሁ የማይጠቅማችሁን ዕቃ አምጡ» አልናቸው። ዕቃ ልጁ ያውቀዋል። በየቀኑ ይነካዋል፤ ቦታውን ያውቃል፤ ስሕተት የለበትም።

መጀመሪያ የገዛነው የብረት ቀለም ነበር፤ በአኳራጅ የሚቀጥን ነው። ገና ክዳኑ ሲከፈት ሁለት ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው ሮጡ፤ አንዷ አስመለሳት። «ባለጌ» ልንላቸው ምንም አልቀረንም ነበር። በኋላ እኛም ሽታውን ደጋግመን ስናሸተው ራሳችንን አመመን። እኛ ራሳችንን የሚያመንን ነገር ችለን መቀመጥ ለምደናል፤ እነርሱ ግን እውነቱን በእግራቸው ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ የምንጠቀመው በውሃ የሚቀጥነውን ፕላስቲክ ቀለም ነው። ዕቃው በመጀመሪያ ይታጠባል፤ ነጭ ይቀባል፤ አንድ ሌሊት ያድራል፤ ከዚያ ልጁ የፈለገውን ያደርጋል። የሚበላበትና የሚጠጣበት ዕቃ ከሆነ ግን ውስጡ አይቀባም፤ ከተቀባም ተመልሶ ለመብል አይውልም። «ምንድን ነው የሣልከው?» ብለን አንጠይቅም። ሊነግረን ከፈለገ ይነግረናል።

ሦስት ዕቃዎች

ከተደረደሩት ውስጥ ስለ ሦስቱ እንናገር። የባለቤቶቹን ስም አንጠራም። ስለምናፍርባቸው አይደለም፤ ስማቸው የራሳቸው ስለሆነ ነው።

የመጀመሪያው ባለሰማያዊ መስመር ጄሪካን ነው፤ የዚያው ልጅ ነው። በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ውሃ በሚመጣበት ቀን ቢጫው ጄሪካን ሁሉ ይሰለፋል፤ የማን እንደሆነም አይለይም፤ ጠብ ይነሣል። ይህ ልጅ ቀድሞ ወደ ሰልፉ እየሄደ የሰውን ጄሪካን በመጠኑ እየለየ ይደረድር ስለነበር ይገፉት ነበር፤ «ይኼን እብድ ያዙልን» ይሏት ነበር እናቱን። አሁን የግቢያቸውን ጄሪካኖች በሙሉ ቀብቷቸዋል፤ ለአንዱ ቤት ሁለት አረንጓዴ መስመር፣ ለሌላው አንድ ቀይ፣ ለእማማ ደግሞ ሦስት ነጭ። እማማ የሰማንያ ዓመት አሮጊት ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ነጩን ግን ይለዩታል። አሁን ሰልፍ ሲበላሽ «ልጁን ጥሩት» ይላሉ። ልጁ አልተለወጠም። ዛሬም ይደረድራል፤ ዛሬም እጁን ያርገበግባል። የተለወጠው ሰልፉ ነው።

ሁለተኛው ፔርሙሱ ነው። የሠራችው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ወደ እኛ የመጣችው ታናሽ ወንድሟን ይዛ ነው እንጂ ስለ ራሷ አልነበረም። ትምህርቷ ጥሩ ነው፤ መምህራኖቿ ያመሰግኗታል፤ እኛም «እንዴት ያለች ጭምት» እንላት ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግን ጋቢ ተከናንባ በጨለማ ትቀመጥ እንደነበር፣ ቅዳሜና እሑድ ከሰው ጋር አንድ ቃል መለዋወጥ ያቅታት እንደነበር የሰማነው ዘግይተን ነው። ውስጡ የተሰበረ ፔርሙስ መረጠች። ፋብሪካው የሣለውን አበባ አልሸፈነችውም፤ ቅጠል በቅጠል እየተከተለች አደሰችው፤ ከአዲሱ ይልቅ አማረ። «ጎበዝ፣ እንዴት ያምራል!» አልናት። ዝም ብላ አንሥታ ነቀነቀችው። ውስጡ የደቀቀው መስታወት ተንኳኳ። «እኔም እንደዚህ ነኝ፣ ጋሼ። ካልነቀነቁት አይሰማም» አለችን።

ከወላጆቿ ጋር ተነጋግረን ወደ ባለሙያ እንድትቀርብ አድርገናል። ቀጠሮው ረጅም ነበር፤ መልሱም ገና አላለቀም። እስከዚያው ግን ትምህርት ቤቷ በዕረፍት ሰዓት በቤተ መጻሕፍት እንድትቀመጥ ፈቀደላት። ለሌላው ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል። እርሷ ግን «አሁን ከሰዓት በኋላውን እችለዋለሁ» አለች።

ሦስተኛው ሦስት ሲኒ ነው። የአንዲት እናት ነው። እናቶቹ መጀመሪያ ላይ ልጆቻቸውን እየጠበቁ ዳር ይቀመጡ ነበር፤ በኋላ እነርሱም ብሩሽ አነሡ። ይህች እናት የመጀመሪያውን ሲኒ ነጭ አድርጋ በወርቃማ ቀለም ከፈፈችው። ሁለተኛውን ግማሹን ግራጫ ቀባችው። ሦስተኛውን እንዳለ ጥቁር አደረገችው። ከዚያ እንዲህ ስትል አስረዳችን፦ «ጎረቤት ቡና ሲጠራኝ ለአቦል የሚሆን ፊት አለኝ። ቶና ላይ ልጄን ይጠይቁኛል፤ ‹ተሻለው ወይ› ይሉኛል፤ ‹ደኅና ነው› እላለሁ። በረካ ድረስ ተቀምጬ አላውቅም። ሰበብ ፈልጌ እወጣለሁ።» ሌሎቹ እናቶች ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። ቆይቶ አንዷ «እኔ እኮ ቡና መጠራት የተውኩት በዚሁ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ቡና ይፈላል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ በረካ ሳይጠጣ የሚወጣ የለም።

ስለ እኛ ስለ ምእመናን

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በጥናቱ ውስጥ ርኩስ መንፈስንና ኃጢአትን የጠቀሱት አሳዳጊዎች ይህን ከየት ሰሙት? ከፊሉን ከእኛ እንደ ሰሙት አንክድም። አንዲት እናት በአንድ ዓመት ውስጥ ልጇን ይዛ በጠበሉም በጸሎት ቤቱም ዞራለች። በአንዱ ስፍራ ልጁ ጆሮውን ይዞ ሲጮኽ «መንፈሱ ወጣ» ተብሎ አራት ጎልማሶች ያዙት። ልጁ የጮኸው በጆሮው አጠገብ ከነበረው የድምፅ ማጉያ የተነሣ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ሲወስዱት አልጮኸም። ፈርቶ ደርቆ ተቀመጠ። እነርሱም «ተፈወሰ» አሉ።

ጸሎትን አንነቅፍም፤ እኛም እንጸልያለን። ግን ዝምታን ፈውስ ብለን እንዳንጠራው እንጠንቀቅ። ጌታችን ዓይነ ስውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ሲያገኝ ደቀ መዛሙርቱ ኃጢአቱ የማን እንደሆነ ጠየቁት፤ የሰውየው ወይስ የወላጆቹ? ጌታ ሁለቱንም አልተቀበለም። ጥያቄያቸውን ከሥሩ ነቅሎ ጣለው። እኛ ዛሬም ያንኑ ጥያቄ ይዘን በየቤቱ ደጅ እንቆማለን።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ደግሞ ዳዊት ወደ ጌት ንጉሥ ሸሽቶ በመጣ ጊዜ ያደረገውን ታስታውሳላችሁ። ሕይወቱን ለማትረፍ ብሎ እንደ እብድ ሆነ፤ የበሩን መዝጊያ ቧጨረ፤ ምራቁን በጢሙ ላይ አዝረበረበ። ማንም በዳዊት አልፈረደበትም፤ በፍርሃት አገር ያለ ሰው የሌላ ሰው ፊት ይለብሳልና። የእኛ ልጆች የሚያደርጉት የዚሁን ተቃራኒ ነው። እነርሱ «እብድ» እንዳይባሉ የእኛን ፊት ይለብሳሉ። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፤ ዳዊት ያንን ያደረገው በጠላት ከተማ ነበር። ልጆቻችን ግን በቤታቸውና በቤተ ክርስቲያናቸው የሚያደርጉት ስለ ምንድን ነው?

ከእናንተ የምንለምነው

ያደረግነው ጥቂት ነው። የአዳራሹን የድምፅ ማጉያ ዝቅ አድርገናል፤ ከኋላ ያለችውን የዕቃ ቤት አጽድተን ምንጣፍ አንጥፈን፣ መዝሙሩና የዝናቡ ድምፅ በቆርቆሮው ላይ ሲበዛበት ልጁ የሚያርፍባት ክፍል አድርገናታል። እናት ልጇን ይዛ ወደዚያ ስትገባ ማንም ዞሮ እንዳያይ ምእመናኑን አስተምረናል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና በአገራችንም ተሞክሯል። ዋና ሐሳቡ በዕለት ተዕለት የቤት ሥራና በጨዋታ መካከል ከልጁ ጋር አብሮ መሆን ነው። ለሠራተኞቻችን ይህን ትምህርት እንዲያገኙ እየጣርን ነው። ከጎረቤታችን ከኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሚወጡ መምህራን እነዚህን ልጆች በክፍላቸው ሲያገኟቸው ደንግጠው እንዳይመልሷቸውም ምኞታችን ነው።

ከእናንተ የምንለምነው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛው ገንዘብ ነው፤ ይህን አንደብቅም። ቀለምና ብሩሽ ብዙ አይፈጅም። የሚከብደው በየሳምንቱ ሳይቀር የሚመጣ፣ የሠለጠነ ሰው ደመወዝ ነው። እነዚህ ልጆች ሰው ሲቀያየርባቸው ይጨነቃሉና አንድ ዓመት ቀጥረን በሚቀጥለው ዓመት የምናሰናብተው ሠራተኛ ከሚጠቅመው ይልቅ የሚጎዳው ይበልጣል።

ሁለተኛው ትዕግሥት ነው። ከእንግዲህ «በፊትና አሁን» የሚል ፎቶግራፍ አንልክላችሁም። ጄሪካን ልንልክላችሁ እንችላለን፤ ያውም ልጁ ከፈቀደ። በዓመቱ መጨረሻ «ስንቱ ዳነ?» ብላችሁ አትጠይቁን። «ስንቱ ማታ ተኛ? ስንቷ እናት በረካ ጠጣች? ስንቱ ትምህርት ቤት ገባ?» ብላችሁ ጠይቁን፤ በዚህ እንመልስላችኋለን። ስጦታችሁ ለልጆቹ እንጀራ፣ ትምህርትና ዕረፍት ይግዛላቸው እንጂ ጭምብል አይግዛላቸው።

ሦስተኛው በየቤታችሁ ነው። ከዘመዶቻችሁ መካከል እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚገባ ልጅ ካለ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስትሄዱ ስለ እርሱ በስሙ ጠይቁ። «ተሻለው ወይ?» አትበሉ። «ምን ይወዳል?» በሉ። ያቺ እናት ምናልባት በዚያ ቀን በረካ ድረስ ትቀመጥ ይሆናል።

ከመጨረሳችን በፊት አንድ ነገር እንንገራችሁ። ያ ልጅ፣ ዛሬ አድጎ ትልቅ ልጅ ሆኗል፤ አሁን በግቢው ውስጥ በውሃው አጠገብ አለ። እናቱ ከእናንተ ጋር ተቀምጣለች። እኛ አልጠራነውም። ከፈለገ ይገባል፤ ከገባም ይህን ሁሉ ሰው ሲያይ እጁን ያርገበግብ ይሆናል። አታጨብጭቡለት፤ አትገሥጹትም። ወደ ዕቃው መሄድ ይወዳልና መንገድ ልቀቁለት።

ጌታ ሁላችሁንም ይባርካችሁ። አሜን።